ዓሣ ምን ይበላል? መቼስ ይበላል? መንጠቆ ለሚይዙ ወገኖች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ሱቅ ዐረቢን ሳያውቅ አይቀርም። ሱቅ ዐረቢ በከተማዋ እምብርት የሚገኝ ትልቅ የንግድ ማዕከል ሲሆን፣ ዕቃ የሚሸመትበት፣ ሥራ የሚጠየቅበት፣ የአገር ልጅ ከአገር ልጅ የሚገናኝበት ስፍራ ነበር። ከገበያው ተነሥቶ ወደ ሰሜን በእግሩ የተጓዘ ሰው ጥቁር ዓባይ ዳር ይደርሳል። ወደ ምዕራብ ትንሽ ገፋ ካለ ደግሞ ሞግረን፣ ማለትም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙበትን ቦታ ያገኛል። ከገበያ መንጠቆና የናይለን ክር ገዝቶ፣ በዕረፍት ቀን ወንዝ ዳር ተቀምጦ ዓሣ መጠበቅ ለሱዳናዊውም ለእኛም ሰው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መዝናኛ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ይህን ሁሉ አፈረሰው። ሱቅ ዐረቢ የጦር ሜዳ ሆነ፤ ሱቆቹ ተዘረፉ፣ ብዙዎቹም ተቃጠሉ። የመሐል ከተማው ክፍል በሱዳን ጦር እጅ የተመለሰው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችን ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላና ወደ ሌሎችም ቦታዎች ተሰድደዋል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ መንጠቆአቸውንና ልምዳቸውን ይዘው መጥተዋል።

መንጠቆ በሚይዙ ሰዎች መካከል ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ወንዝ ዳር፣ ተመሳሳይ መንጠቆ ይዘው ይቀመጣሉ። አንዱ ለቤተሰቡ ራት ይዞ ይመለሳል፤ ሌላው ባዶ እጁን ይገባል። ብዙ ጊዜ ይህ በዕድል ይተረጎማል። ነገር ግን ዕድል የሚባለው በአብዛኛው ዓሣው ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ የማወቅ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማብራራትና አብረው የሚመጡትን አደጋዎች ለማመልከት የተዘጋጀ ነው።

ካርፕና የዓባይ ዘመዶቹ

በዓለም ላይ በመንጠቆ አጥማጆች ዘንድ ጠባዩ እጅግ ከተጠና ዓሣ አንዱ ካርፕ ነው። ትውልዱ ከአውሮፓና ከእስያ ነው። በአገራችን ከውጭ ገብቶ በቆቃና በዝዋይ ሐይቆች ተራብቷል። የዓባይ ወንዝ ነባር ዓሣ ግን አይደለም። ይሁን እንጂ በዓባይና በገባሮቹ ውስጥ የካርፕ ወገን የሆኑ ዓሦች አሉ። ሱዳኖች ደብስና ቢኒ የሚሏቸው ከዚሁ ወገን ናቸው። በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ እየተባሉ የሚጠሩትም፣ ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ያሏቸው፣ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ስለዚህ ስለ ካርፕ ጠባይ የታወቀው ነገር ለእኛም ይጠቅማል።

ካርፕ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው በጉሮሮው ውስጥ ነው። በመሆኑም ምግብን ነክሶ አይቆርጥም፤ ከውሃና ከጭቃ ጋር ወደ አፉ ይስባል፣ የሚበላውን ይለያል፣ የቀረውን መልሶ ይተፋል። ይህን የሚያደርገው በጣም በፍጥነት ነው። መንጠቆው ወፍራም ከሆነ ወይም ክሩ ከተወጠረ፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ዓሣው ቀምሶ ተፍቶ ይሄዳል። ብዙ ሰው «ምግቤን በልቶብኝ ሄደ» የሚለው ይህንን ነው።

በአፉ ዙሪያ ያሉት አራት ጢሞች ጣዕምን የሚለዩ ናቸው። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ሳያይ ምግቡን የሚያገኘው በእነዚህና በሽታ ነው። ከዚህም ሌላ በካርፕ ወገኖችና በአምባዛ ዘንድ የአየር ከረጢቱን ከጆሮ ጋር የሚያገናኙ ትናንሽ አጥንቶች ስላሉ እነዚህ ዓሦች በደንብ ይሰማሉ። ወንዝ ዳር መሬቱን እየረገጡ መሄድ፣ ድንጋይ መወርወር፣ መጯጯህ ዓሣ የሚያባርረው ስለዚህ ነው። በኩሬ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች አንድ ጊዜ በመንጠቆ ተይዞ የተለቀቀ ካርፕ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መንጠቆን እንደሚሸሽ ታይቷል። ዓሣ አይማርም የሚለው አነጋገር ስለዚህ ትክክል አይደለም።

ለየዓሣው የሚስማማው ምግብ

የመንጠቆ ምግብ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ ሰው ምን ይወዳል ሳይሆን ይህ ዓሣ አፉ እንዴት ተሠርቷል የሚለው ነው።

ደብስ፦ አፉ ወደ ታች የዞረ፣ ከንፈሩ ወፍራም ነው። ከድንጋይና ከጭቃ ላይ አረንጓዴ አልጌ እየፋቀ ይበላል። ትልቅ የሥጋ ቁራጭ አያታልለውም። የሚስማማው ትንሽ መንጠቆ ላይ የተደረገ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ለስላሳ ሊጥ ሲሆን፣ ምግቡ ከውሃው ወለል ላይ ማረፍ አለበት።

ቢኒና የጣና ነጭ ዓሣ፦ ቢኒ ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣንና ተክልን ይበላል። የምድር ትል፣ የተቀቀለ በቆሎና ሽንብራ ይስማማዋል። ከጣና ነጭ ዓሦች መካከል ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉም ስላሉ ለእነርሱ ትናንሽ ዓሣ ይሻላል።

ቆሮሶ፦ ሱዳኖች ቡልጢ ይሉታል። በቀን የሚመገብ፣ ሙቀትና ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ዋና ምግቡ አልጌ ነው። ከድንጋይ ላይ የተነጨ አረንጓዴ የውሃ ሽበት፣ ትንሽ ሊጥ ወይም ቀጭን የምድር ትል ይበቃዋል። አፉ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆውም ትንሽ መሆን አለበት። ቡሽ ወይም ቀላል እንጨት በክሩ ላይ አስሮ ምግቡን ከወለሉ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል።

አምባዛ፦ በሱዳን ጋርሙት ይባላል። ሌሊት የሚመገብ፣ ዓይኑ ትንሽ፣ ስምንት ጢም ያለው ዓሣ ነው። ሁሉንም ይበላል። የሚመራው በሽታ ስለሆነ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት፣ የዓሣ ቁራጭ ወይም ብዙ ትል በአንድ ላይ ይስማማዋል። መንጠቆው ትልቅና ጠንካራ ይሁን። ከክንፉ ሥር ያለው እሾህ እጅ ስለሚወጋ ሲይዙት ይጠንቀቁ።

ባያድና ዒጅል፦ ባያድ ጢም ያለው፣ ዓሣና ትል የሚበላ ዓሣ ነው። ዒጅል የዓባይ ትልቁ አዳኝ ዓሣ ሲሆን ርዝመቱ ከ1 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ለሊጥ ግድ የለውም፤ ትናንሽ ዓሣ ይፈልጋል። ለእርሱ ወፍራም ክር ያስፈልጋል።

ካስ፦ ጥርሱ ረዣዥምና ስለታም ነው። ክር ይበጥሳል። ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ቀጭን ሽቦ ካልታሰረ በቀር መንጠቆውን ይዞ ይሄዳል። ሲያወጡትም ጣት ወደ አፉ ማስገባት አይገባም።

ስለ መንጠቆ ቁጥር አንድ ማስታወሻ እነሆ። በመንጠቆ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 10 ወይም 8 ለቆሮሶና ለደብስ፣ ቁጥር 6 ወይም 4 ለቢኒና ለካርፕ፣ ከ1 ጀምሮ ያሉት ትልልቆቹ ለአምባዛ፣ ለባያድና ለዒጅል ይሆናሉ። መንጠቆ ካልተሳለ ምግቡ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። በጥፍር ላይ ሲጎትቱት የማይቧጥጥ መንጠቆ በድንጋይ ይሳላል።

ሊጥና እህል እንዴት ይዘጋጃል?

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ከቤተሰብ ቀለብ ቀንሶ ለዓሣ መስጠት እንደማይገባ ነው። ለአንድ ቀን የሚያስፈልገው አንድ እፍኝ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የደረቀ እንጀራ፣ የኪስራ ፍርፋሪ ወይም የድስት ቅራሪ ይበቃል። የምድር ትል ደግሞ ያለ ገንዘብ ይገኛል፤ እርጥብ መሬት፣ የቦኖ ውሃ የሚፈስበት ቦታ ወይም የበሰበሰ ገለባ ሥር መቆፈር ነው። ትሉን ከእርጥብ አፈር ጋር ጥላ ሥር ቢያስቀምጡት አይሞትም።

ሊጥ ሲዘጋጅ የማሽላ ወይም የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውሃ ይቦካል፤ ጣት ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ይታሻል። ዋናው ችግር ውሃ ውስጥ ሲገባ ተፍረክርኮ ከመንጠቆው መውደቁ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥቂት ጥጥ በጣም በስሱ ተባዝቶ ከሊጡ ጋር ቢታሽ ሊጡ በጥጡ ክር ተይዞ ይቆያል። የተፈጨ አብሽ ወይም ኮምጠጥ ያለ እርሾ ቢጨመርበት ሽታው በውሃው ውስጥ ይሰራጫል። በደፈረሰ ውሃ ይህ እጅግ ይጠቅማል።

በቆሎና ሽንብራ ለአንድ ቀን ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በጥፍር ሲጫኑት እስኪለሰልስ ይቀቀላል። ጥሬ እህል ወንዝ ውስጥ መበተን አይገባም። ዓሣው ሆድ ውስጥ ገብቶ ስለሚያብጥ ይጎዳዋል፤ ምግብም አይሆነውም። የተቀቀለውን ግን መንጠቆ ከመጣሉ በፊት ጥቂት ፍሬ ቦታው ላይ በተን ቢያደርጉ ዓሣ ይሰበሰባል። ጥቂት የተባለው በምክንያት ነው፤ የጠገበ ዓሣ መንጠቆ አይነካምና።

እጅ ላይ ያለ የቤንዚን፣ የሳሙና ወይም የትምባሆ ሽታ ወደ ምግቡ ይተላለፋል። ምግቡን ከመንካት በፊት እጅን በወንዙ አሸዋና ውሃ ማሸት ጥሩ ልማድ ነው።

ወቅትና ሰዓት

ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት እንደ ውሃው ሙቀት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። በታኅሣሥና በጥር ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ውሃው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ ከእኩለ ቀን እስከ ምሽት መቀመጥ ይሻላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ብርቱ ሙቀት ደግሞ ማለዳና አመሻሽ ይመረጣል።

የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። እንደ ራሃድና እንደ ዲንደር ያሉ ወንዞች በበጋ ሲደርቁ ውሃው በየቦታው ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ ዓሣም እዚያ ይታጎራል። በእንዲህ ያለ ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ቢታይ፣ ተርበው ሳይሆን ታፍነው ነው፤ መንጠቆም አይነኩም። ፀሐይ ወጥታ አልጌው ኦክስጅን እስኪያወጣ መጠበቅ ይገባል። አምባዛ ግን ከአየር መተንፈስ ስለሚችል በዚህ ውሃ ውስጥም ይመገባል።

በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጥቁር ዓባይና አትባራ በደለል ይደፈርሳሉ። ዓይን በማይሠራበት ጊዜ ሽታ ያለው ምግብ፣ ማለትም ትል፣ አንጀትና የኮመጠጠ ሊጥ ይመረጣል። ውሃው ሲጠራ ደግሞ ዓሣው ክሩንም ሰውየውንም ስለሚያይ ቀጭን ክርና ከዳር ራቅ ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ነጭ ዓባይ ዝግ ብሎ ስለሚፈስ ደለሉ አነስተኛ ነው። በሞግረን ሁለቱ ውሃዎች ለጥቂት ርቀት ቀለማቸው ሳይደባለቅ ጎን ለጎን ሲሄዱ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጥቁር ዓባይ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ደግሞ በተከዜ ላይ ደለል ያስቀራሉ፣ የውሃውንም አፈሳሰስ ይለውጣሉ። በመሆኑም የአባቶቻችን የወንዝ መቁጠሪያ ብቻውን አይበቃም፤ በየቀኑ የውሃውን ቀለምና ከፍታ መመልከት ያስፈልጋል።

ቦታ ሲመረጥ ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው የሚገናኝበት መሥመር፣ ከድንጋይና ከድልድይ ምሰሶ ጀርባ፣ የወደቀ ዛፍ አጠገብ ይመረጣል። ዓሣ ከውሃ ጋር እየታገለ ጉልበቱን አይጨርስም፤ ዝግ ያለው ቦታ ቆሞ ፈጣኑ ውሃ የሚያመጣለትን ይጠብቃል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል

ይህ የአባቶች ተረት በዓባይ ወንዝ ላይ እውነት ነው። መንጠቆ ከሚያወጣቸው ዓሦች መካከል ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ሲነካ እንደ ኳስ የሚነፋ፣ በሰውነቱ ላይ ቢጫና ጥቁር መሥመር ያለው፣ ጥርሱ እንደ በቀቀን መንቁር የሆነ ዓሣ ነው። ፋሃካ ይባላል። ውስጡ መርዝ ስላለ ፈጽሞ አይበላም፤ መቀቀልም መጥበስም መርዙን አያጠፋውም። ልጆች እንዳይጫወቱበትም ማራቅ ይገባል፤ ይነክሳል።

ሁለተኛው ዐረቦች ራዓድ፣ ነጎድጓዳማው የሚሉት ኤሌክትሪክ ያለው ዓሣ ነው። ወፍራምና ለስላሳ ሲሆን በጀርባው ላይ የተለመደው የጀርባ ክንፍ የለውም። እስከ 350 ቮልት የሚደርስ ንዝረት ስለሚሰጥ፣ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ሊያስደነግጥና ሊያስወድቅ ይችላል። በእርጥብ እጅ አይነካም።

ሦስተኛው ጋርጉር ነው። ይበላል፤ ሆኖም የጀርባውና የጎኑ እሾሆች ቀጥ ብለው ስለሚቆለፉ እጅን ክፉኛ ይወጋሉ። ቁስሉ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

አጎበር ለመኝታ ነው

አንዳንድ ሰዎች የመኝታ አጎበርን ለዓሣ መረብ ሲጠቀሙበት ይታያል። ይህ በሁለት መንገድ ይጎዳል። በመጀመሪያ፣ ቤተሰቡ ከወባ መከላከያ ውጭ ያድራል። በክረምትና በመከር ወቅት ደግሞ ወባ የሚበረታው ውሃው ዳር ነው። ሁለተኛ፣ አጎበሩ የተነከረበት መድኃኒት ለዓሣ ብርቱ መርዝ ሲሆን፣ ቀዳዳውም ጠባብ ስለሆነ ገና ያላደጉትን ጫጩቶች ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ እርሷን በመረብ ማውጣት መቶዎችን አብሮ መግደል ነው። በጣና ያሉት ነጭ ዓሦች በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች እንቁላል ለመጣል ሲወጡ በወንዙ አፍ ላይ በመረብ ስለተጠበቁ ቁጥራቸው እጅግ መቀነሱ ይታወቃል። መንጠቆ ግን አንድ በአንድ ስለሚያወጣ ትንሹን መመለስ ይቻላል።

በአገራችን ዓሣ ለማስከር ብርብራ መጠቀም የቆየ ልማድ ነው። እዚህ ደግሞ የእርሻ ፀረ ተባይ መድኃኒት ውሃ ውስጥ መጨመር የሚሞክሩ አይጠፉም። በእርሻ መድኃኒት የሞተ ዓሣ ሰውን ይመርዛል፤ ከዚያው ውሃ የሚጠጡ ከብቶችንና ሰዎችንም ይጎዳል። ከባለአገሩም ጋር ጠብ ያስነሣል።

ከቤት ሳይወጡ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች

1. ከመጠለያው ለመውጣት የሚያስፈልገውን ፈቃድ፣ ተስሪህ የሚባለውን፣ አስቀድሞ ማግኘት ይገባል። ወንዙም የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች መተዳደሪያ ስለሆነ እነርሱን ሰላም ብሎ፣ ጠይቆ መቀመጥ መልካም ነው። የተሻለውን ቦታና የተሻለውን ምግብ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው።

2. ብቻ አይሂዱ። አዞ ባለበት ወንዝ ውሃው ውስጥ ቆሞ ማጥመድ፣ በምሽትም ከውሃው ጫፍ መቀመጥ አደገኛ ነው። ከግድብ በታች ባሉ ወንዞች፣ ለምሳሌ በሐምዳይት አጠገብ በሚያልፈው በተከዜና በአትባራ፣ ዝናብ ሳይዘንብም ውሃ በድንገት ሊነሣ ይችላል።

3. ዝግ ባለ ውሃና በመስኖ ቦይ ውስጥ በባዶ እግር መግባት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። ሽንቱ ደም የቀላቀለ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መድኃኒት አለው።

4. ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የኮሌራ ወረርሽኝ ተከስቶ ብዙ ሰው ገድሏል። የወንዝ ውሃ አይጠጣም። የመጠጥ ውሃ ከቤት ይዞ መሄድ፣ ዓሣውንም በደንብ አብስሎ መብላት ያስፈልጋል።

5. ወደ ካርቱም የሚመለሱ ወገኖች ያልፈነዱ ጥይቶችና ፈንጂዎች በከተማው ውስጥ መኖራቸውን አይዘንጉ። ያልተጣራ የወንዝ ዳር ቦታ መቆፈር፣ የማያውቁትን ብረት ማንሳት ሕይወት ያስከፍላል። ለትል ሲባል እንኳ አይቆፈርም።

የተያዘ ዓሣ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ወዲያው ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን አውጥቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ መያዝ ይገባል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ስንጥቡ የጠቆረ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የማይነሣ ዓሣ አይበላም። ደብስና ቢኒ ብዙ ስስ አጥንት ስላላቸው ጎናቸውን በቢላዋ ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ በመተልተል መጥበስ አጥንቱን ያደቅቀዋል። ለልጆች ግን ለቅሞ መስጠት ነው፤ ዓሣ መብላት በብልሃት ይባላልና።

በአንድ መንጠቆ፣ በጥቂት ትልና በትዕግሥት አንድ ቤተሰብ ከቀለቡ ላይ ጥሩ ወጥ ሊጨምር ይችላል። ትንሿን ዓሣ መልሶ ወደ ውሃው መጣል ደግሞ ለከርሞ ማስቀመጥ ነው። መልካም ቀን፣ መልካም ውሃ ይግጠማችሁ።